አብሮ ለመብላት የት እንሂድ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም መልስ የምንሰጥባቸው ጥያቄዎች ሁሉ በአዲስ አበባ ከጓደኛ ጋር ወጥቶ ስለመብላት የተጻፉ ናቸው። ጠያቂዎቹ የተለያየ ሰፈር ነዋሪዎች ቢሆኑም ቅሬታቸው ይመሳሰላል፤ ከተማዋ የአገሩን ሁሉ ምግብ ይዛ ሳለ ተደዋውሎ የሚሰባሰበው ጓደኛ ዞሮ ዞሮ ያንኑ ቤት ገብቶ ያንኑ ጥብስ ያዛል። መልሶቼ ከአንድ እምነት ስለሚነሡ እርሱን አስቀድሜ ልናገር፤ ቤት የሚመረጠው አብረውን የሚቀመጡትን ሰዎች አይቶ ነው፤ የሚታዘዘውም ቤቱ የራሱን አገር ልጆች የሚያበላው ምግብ፣ በሚበላበት ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ «ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ያልተለያየን አምስት ጓደኛሞች ነን። ሁለታችን ኦርቶዶክስ ስንሆን ጾም አንሽርም። ሁለቱ ሙስሊሞች ናቸው። አምስተኛዋ ፕሮቴስታንት ናት፤ እርሷ ደግሞ ሥጋ ካልቀመሰች የበላች አይመስላትም። በተለይ በዓቢይ ጾም ስንገናኝ አንዱ ሲበላ ሌላው ለስላሳ ይዞ ይቀመጣል። ማንም ሳይሳቀቅ አንድ ገበታ የምንከብበት መላ ይኖር ይሆን?» (አንዲት አንባቢ፣ ከገርጂ)

መልስ፦ እኅታችን፣ መላው አለ፤ ፍለጋው ግን ከቀን መቁጠሪያው ቢጀምር ይሻላል። ረቡዕና ዓርብን፣ 55 ቀን የሚዘልቀውን ዓቢይ ጾም፣ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ለ15 ቀን የሚጾመውን ፍልሰታ፣ እንዲሁም ጾመ ነቢያትንና ጾመ ሐዋርያትን ስንደምር፣ ጾሙን ጠንቅቆ የሚጠብቅ ክርስቲያን ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ርቆ ያሳልፋል። ከዚህም ሌላ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን እርድ አለመብላቱ የቆየ ልማድ በመሆኑ፣ በፍስክ ቀን እንኳ አምስታችሁን በአንድ የሥጋ ትሪ ዙሪያ ማገናኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ሥጋን መሠረት አድርጎ ቤት መፈለጉ ከመነሻው ሰው ይከፍላል። የሚያዋጣው ሥጋ የሌለበት፣ ነገር ግን ማንም «እንግዲህ ምን ይደረግ» ብሎ የማይበላው፣ በራሱ የሚናፈቅ ምግብ ያለበት ቤት ነው።

የመጀመሪያ ምርጫዬ ዓሣ ቤት ነው። ከዝዋይ፣ ከሐዋሳ፣ ከጫሞና ከጣና የሚመጣ ዓሣ በከተማዋ በየአቅጣጫው ይሸጣል፤ ጥሩ ዓሣ ቤት ደግሞ የሚለየው በጥብሱ ነው። ሙሉው ቆሮሶ ጎንና ጎኑ በቢላ ተሸነታትሮ በፈላ ዘይት ውስጥ ሲገባ በየስንጥቁ ያለው ሥጋ ተከፍቶ ይደርቃል፤ ሲወጣ ቆዳው በጣት ሲነካ ይንኮሻኮሻል፤ አጥንቱን ተጠግቶ ያለው ግን ነጭና ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል። ሎሚ ተጨምቆበት፣ በአዋዜ ወይም በዳጣ እየተጠቀሰ በእጅ ይበላል። ሥጋ ወዳዷ ጓደኛችሁ የዓሣ ጉላሽ ወይም የዓሣ ዱለት ብታዝ ቅር የሚላት አይመስለኝም። በጾም ዓሣ የሚበላ ምእመን እንዳለ ሁሉ የማይበላም ስላለ፣ እርስዎና የጾም ባልንጀራዎ አቋማችሁን ቀጠሮው ከመያዙ በፊት ለሌሎቹ ብትነግሩ ማንም አይቸገርም። ለሙስሊም ጓደኞቻችሁ ሲባል ደግሞ ዘይቱና መጥበሻው ሥጋ የነካው መሆን አለመሆኑን አስተናጋጁን በግልጽ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ሥራቸውን የሚያውቁ ቤቶች ይህን ጥያቄ ለምደውታል።

ሁለተኛው ፉል ቤት ነው፤ ይህኛው የጠዋት ምግብ በመሆኑ ቀጠሮውን ማለዳ ማድረግ ይጠይቃል። በመርካቶ በአንዋር መስጊድ አካባቢና በሌሎችም ሰፈሮች ያሉ የሙስሊም ቁርስ ቤቶች ባቄላውን ለረጅም ሰዓት ቀቅለው፣ ፈጭተው፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ከትፈው በትኩሱ ያቀርቡታል። «ስፔሻል» የሚባለው እንቁላል፣ እርጎና ቅቤ ስለሚጨመርበት ለጾመኛ «በዘይት ብቻ» ተብሎ ይታዘዛል። የሚጾሙት በዘይት፣ የማይጾሙት በቅቤ፣ ሁሉም ከአንድ የዳቦ መሶብ እየቆረሱ መብላት ይቻላል። ዓቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ግን የማለዳው ቀጠሮ ለእናንተ አይሆንም።

ባለፉት ዓመታት እንደታየው ረመዳንና ዓቢይ ጾም ሲገጣጠሙ ደግሞ ከሁሉም የሚሻለው የማፍጠሪያ ሰዓት ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ በቴምር፣ በሾርባና በምስር ሳምቡሳ ይጀመራል። የምስር ሳምቡሳ ለእናንተም ጾም ነው፤ ሾርባው ሥጋ የሌለበት መሆኑን ብቻ አረጋግጡ። ሙስሊሞቹ ቀኑን ሙሉ ጾመው፣ እናንተም ብትሆኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይታችሁ ስለምትገናኙ፣ በዚያ ገበታ ላይ ለስላሳ ይዞ የሚቀመጥ ሰው አይኖርም።

ጥያቄ፦ «አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልደው ያደጉ የአክስቴ ልጆች ለዕረፍት እየመጡ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ቁርጥ ቤት እንድንወስዳቸው አጥብቀው ጠይቀውኛል። ልጆቹ ከጠገቡ በኋላ ቢታመሙ ግን አክስቴ በእኔ ነው የምታዝነው። ምን ይመክሩኛል?» (አንድ አንባቢ፣ ከሳሪስ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ የእንግዶችዎን ፍላጎት አደንቃለሁ፤ የእርስዎንም ሥጋት እጋራለሁ። ጥሬ ሥጋ ሁለት ዓይነት አደጋ አለው። አንደኛው የኮሶ ትል ሲሆን፣ እጩ በከብቱ ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ ከሥጋው ጋር ወደ ሰው ሆድ ይገባል። ሁለተኛው በእርድ፣ በማጓጓዝ ወይም በመክተፊያው ላይ የሚጣበቅ ተሕዋስ ነው። ሚጥሚጣ፣ ሰናፍጭ፣ ሎሚም ሆነ ከላዩ የሚጠጣ አረቄ ሁለቱንም አይገድልም፤ ይህ በየገበታው የሚነገር ተስፋ ልማድ ብቻ ነው። ለብለብ ክትፎም ሙቀት የነካው እንጂ የበሰለ አይደለም። ሁለቱንም የሚያስወግደው ሥጋውን እስከ ውስጡ ማብሰል ነው።

ይህን ካወቁ በኋላ ውሳኔው የእንግዶቹ ነው። ለመቅመስ ከቆረጡ የቄራ ማኅተም ያለበትን ሥጋ የሚሸጥ፣ ሥጋው በየቀኑ የሚያልቅበት፣ ገበያ የበዛበት ቤት ይምረጡ፤ በምሳ ሰዓት ይሂዱ እንጂ ሥጋው ቀኑን ተሰቅሎ ከዋለ በኋላ ማታ አይሂዱ። ብዙ ክርስቲያን ሥጋ ቤቶች በዓቢይ ጾም ስለሚዘጉ ጊዜውንም ያስቡበት። ከፋሲካ በኋላ ያሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾሙ ሥጋ ቤቱ የሚደምቀው ያኔ ነው።

ባንኮኒው ላይ ሲቆሙ «ግማሽ ኪሎ ስጠኝ» ብለው ዞር አይበሉ። ሥጋ ቆራጩ ብልቱን ለሚያውቅ ደንበኛ ይጠነቀቃልና ለጀማሪ እንግዳ ቀይና ለስላሳ የሆነውን ሽንጥ ያስቆርጡ፤ ነጭ ጮማ የሆነውን ሻኛ ለማስተያየት ያህል ጥቂት ያስጨምሩበት፤ ጎድኑን ደግሞ ወደ ጥብስ ይላኩት። ሥጋው ሙሉውን ሲቀርብ በግራ እጅ ይዞ በስለታም ቢላ ቀጠን አድርጎ እየቆረጡ፣ አዋዜ ወይም ሚጥሚጣ እያስነኩ መብላት ራሱን የቻለ ልምድ ይጠይቃል፤ ለልጆቹ ቢቆርጡላቸው ይሻላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥብሱ ቀድሞ ይዘዝ፤ ጥሬውን አንድ ጊዜ ቀምሶ የተወ እንግዳ በበሰለው እንዲጠግብ፣ ጓደኞችዎም «ፈራ» ብለው እንዳያሳፍሩት አስቀድመው ያስጠንቅቁልኝ። ነፍሰ ጡር ሴት፣ ትንንሽ ሕፃናትና በሕመም ምክንያት አቅማቸው የደከመ ሰዎች ግን ጨርሶ አይቅመሱ። ሰንብቶ የኮሶ ምልክት የታየበት ሰው ቢኖር ሐኪም በሚያዝዘው መድኃኒት በቀላሉ ይድናል፤ ወደ አሜሪካ ሲመለሱ ጥሬ ሥጋ መብላታቸውን ለሐኪማቸው እንዲናገሩ ይምከሯቸው፤ ካልተነገረው ላያስበው ይችላል።

ጥያቄ፦ «እኔና ጓደኞቼ በወር አንድ ጊዜ ተሰባስበን አዲስ ነገር ለመቅመስ ተስማምተናል። ክትፎ፣ ሽሮ፣ በያይነቱና በርገር ሰልችቶናል። ከአዲስ አበባ ሳንወጣ የምናገኛቸው፣ ብዙ ሰው የማያውቃቸው ምግቦችና መጠጦች ካሉ ቢጠቁሙን። ገንዘባችንም ብዙ አይደለም።» (አንድ ወጣት አንባቢ፣ ከሃያ ሁለት)

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ስለደረሰኝ በጣም ደስ ብሎኛል፤ ሰፋ አድርጌም ልመልስ። በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ለእናንተ እንግዳ የሆነው ምግብ በአጠገባችሁ ለተቀመጠው ሰው የእናቱ ቤት ምግብ ነው። ስልክ አውጥቶ እየቀረጹ ፊት መኮሳተር፣ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው» እያሉ መሳቅ ያስቀይማል። ከዚያ ይልቅ እንዴት እንደሚበላ ጠይቁ፤ በየትኛውም ቤት እንዲህ ብሎ የጠየቀ እንግዳ የተሻለ ነገር ሲቀርብለት አያለሁ።

ለመጀመሪያው ወር የምመርጥላችሁ ጥህሎ ነው፤ ምክንያቱም ለጓደኛሞች ገበታ ከዚህ የተሻለ የሚስማማ ምግብ አላውቅም። ጥህሎ የትግራይ፣ በተለይም የአዲግራትና የአጋመ አካባቢ ምግብ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ የትግራይ ምግብ ቤቶች ዘንድ ይገኛል። የገብስ ዱቄት በውኃ ታሽቶ ይመጣል። አንዷ አስተናጋጅ ወይም ከእናንተ መካከል እጁ የቀና ሰው ከሊጡ ቆንጠር እያደረገ በጣቶቹ ያድቦለቡለዋል፤ ትንንሾቹ እንክብሎች በትሪው ዙሪያ ይደረደራሉ፤ መካከል ላይ በርበሬው የበዛ የሥጋ ወጥ በትኩሱ ይቀመጣል። ተመጋቢው ጫፉ ሁለት የሆነ ቀጭን እንጨት ይዞ እንክብሉን ይወጋል፤ ወጡ ውስጥ አገላብጦ ያወጣና ሳይንጠባጠብ ወደ አፉ ያደርሳል። ወጡ ያቃጥላል፤ ገብሱ ያበርዳል። እንክብሉ በእጅ ስለሚሠራ ማንም ቶሎ ቶሎ መጉረስ አይችልም፤ ጨዋታው የሚደምቀውም ለዚህ ነው። በጾም ቀን ሥጋ የሌለበትን ወጥ ማዘዝ ይቻላል። በርካታ ቤቶች ቀድሞ እንዲነገራቸው ስለሚፈልጉ በዋዜማው ደውሉ።

ከደቡብ በኩል ደግሞ ክትፎ ላይ ብቻ ቆማችሁ ከሆነ የእንሰትን ዓለም ገና አላያችሁትም። እንሰት ተፍቆ፣ በጉድጓድ ተቀብሮ ለወራት ይብላላል፤ ከዚያ የሚገኘው ቆጮ ያልለመደውን ሰው በጠረኑ ሊያስደነግጥ ይችላል። የሲዳማ ቡርሳሜ ይህንኑ ምግብ ከብዙ ቅቤ ጋር አዋሕዶ በሸክላ የሚቀርብ ነው፤ እርጎ ይከተለዋል። በሲዳማ የዘመን መለወጫ በፍቼ ጫምባላላ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ በተመዘገበው በዓል፣ ቤተሰብና ጎረቤት የሚቋደሰው ይህ ምግብ ነው። ቅቤው ከባድ በመሆኑ አንድ ሸክላ ለብዙ ሰው ይበቃል፤ እያንዳንዳችሁ ለየብቻ አትዘዙ። የወላይታ ቤት ከገባችሁ ደግሞ ዳጣውን ሳትቀምሱ አትውጡ። ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቅመም አብረው ተፈጭተው የሚሠሩት ይህ ማባያ በአሁኑ ጊዜ ሰፈር ለሰፈር ተዛምቷል፤ አመሻሹ ላይ በየመንገዱ ዳር ቅቅል ድንች በእርሱ ቀብተው የሚሸጡ ሴቶች አሉ። ገንዘባችሁ ባለቀበት ሳምንት ለእናንተ የሚሆነው እርሱ ነው።

በኦሮሞ ባህላዊ ምግብ ቤቶች ከጭኮና ከማርቃ በተጨማሪ አንጮቴን ጠይቁ። አንጮቴ ወለጋ ውስጥ የሚበቅል ሥር ነው፤ ይቀቀላል፣ ይላጣል፣ ከዚያ በቅቤና በቅመም ይሠራል ወይም በወጥ መልክ ይቀርባል። የአካባቢው ሰው አጥንቱ ለተሰበረና ለወለደች ሴት ይመርጠዋል። ጣዕሙ ከድንች ይልቅ ጠንከር ያለ ነው፤ በየቀኑም አይገኝም።

ቦሌ ሚካኤል በኩል ያሉ የሶማሌ ምግብ ቤቶች ለብዙ ሰዎች የሚደንቁ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። በሄል፣ በቀረፋና በቅርንፉድ የተሠራ ሩዝ ከፍየል ሥጋ ጋር በሰፊ ሳህን ይመጣል፤ ከጎኑ ያልተላጠ ሙዝ ይቀመጣል። አዲስ ሰው ሙዙን ለማጣጣሚያ ብሎ ወደ ዳር ያደርገዋል፤ የቤቱ ደንበኞች ግን ልጠው እየቆረሱ ከሩዙ ጋር አብረው ይጎርሱታል። የሙዙ ጣፋጭነት የቅመሙንና የቢስባሱን (የሚያቃጥለውን የሶማሌ ማባያ) ኃይል ስለሚያለዝበው ሁለቱ ተፈላላጊ ናቸው። የግመል ወተትም እዚያው አለ፤ ለማያውቁት ጨው ጨው ይላል፤ አንድ ብርጭቆ ለሁለት መጀመር ይበቃል። የእርዱን ጉዳይ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ስላነሣሁ ለጓደኞቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ወደ መጠጡ ስንመጣ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። በከተማዋ ተራ ሻይ ቤቶች ውስጥ «ስፕሪስ» ስትሉ በትንሽ ብርጭቆ ከታች ሻይ፣ ከላይ ቡና ሆኖ፣ ሁለቱ ሳይደባለቁ ይመጣል። ምሥጢሩ ስኳሩ ነው፤ በደንብ የጣፈጠ ሻይ ከቡናው ስለሚከብድ ከታች ይቀራል፤ ቡናው ቀስ ተብሎ ሲጨመርበት ከላዩ ይንሳፈፋል። የሚያማስለው ሰው እንዳለ ሁሉ መራራውን ቀድሞ፣ ጣፋጩን በመጨረሻ የሚጠጣም አለ፤ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በጭማቂ ቤት ያለው ስፕሪስ ደግሞ አቮካዶ፣ ፓፓያና ማንጎ በየደረጃው ተደርድረው ሎሚ የሚጨመቅበት፣ ቪምቶ ጠብ የሚደረግበት ሲሆን በማንኪያ የሚበላ ነው። የለውዝ ሻይም አለላችሁ። ለውዙ ተቆልቶ ይደቅና በጣፋጭ ትኩስ ሻይ ይበጠበጣል፤ ወፍራም ስለሚሆን ቁርስ ይተካል፤ ወተትም ስለሌለው በጾም ወራት ይፈለጋል። የሐረር ሰዎች በሚያዘወትሯቸው ቤቶች ከቡና ገለባና ከቡና ቅጠል የሚፈሉ መጠጦች ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ ታገኛላችሁ፤ ከፍሬው በቀር ቡና ሌላ ጥቅም የሌለው ለሚመስለው ጓደኛችሁ ጥሩ መገረሚያ ይሆናል።

እነዚህን ቤቶች ለማግኘት ማስታወቂያ ማየት አያስፈልጋችሁም። ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጡ የረጅም መንገድ ሾፌሮች የሚያድሩበትን አካባቢ፣ የአንድ አገር ልጆች እሑድ የሚሰባሰቡበትን ቤት ጠይቁ። ገብታችሁም የምግብ ዝርዝሩን ከማንበባችሁ በፊት በዙሪያችሁ ያሉት ምን እንደሚበሉ ተመልከቱ። የአገሩ ሰው የማያዝዘው ምግብ በዝርዝሩ ላይ ቢኖርም ለእናንተ ብቻ ተብሎ የሚሠራ ስለሆነ ይለፋችሁ።

ጥያቄ፦ «አባቴ በልጅነቴ ፒያሳ ይወስደኝ ነበር። አሁን ከጓደኞቼ ጋር ስሄድ የማውቃቸው ቤቶች የሉም። የፒያሳ ጣዕም ጨርሶ ጠፋ ማለት ነው?» (አንዲት አንባቢ፣ ከጀሞ)

መልስ፦ ኅዘንዎ ይገባኛል። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ለልማት ሲፈርሱ፣ ለብዙ ዓመታት በአንድ ቦታ የኖሩ ሻይ ቤቶች፣ ሥጋ ቤቶችና ኬክ ቤቶች ተበትነዋል። ቤቱ ቢፈርስም ግን ወጥ ሠሪዋና ቆራጩ አሉ፤ ስለዚህ የቤቱን ስም ከመፈለግ ይልቅ የሠራተኞቹን አድራሻ ያጠያይቁ። የቀድሞ ደንበኞች፣ የሰፈሩ ሊስትሮዎችና የጥበቃ ሠራተኞች ማን ወዴት እንደሄደ ከማንም በላይ ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1953 የተመሠረተው ቶሞካ ቡናውን አሁንም ቆልቶ ይሸጣል፤ ከፍ ባለው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ መጠጣትም የፒያሳ ወግ ነው። ፋሺስት ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማዋን በያዘበት ዘመን የተስፋፋው ፓስታና ማኪያቶ ደግሞ ፒያሳን ትቶ በመላው ከተማ ኖሯል። ፓስታውን በእንጀራ ጠቅልሎ መብላት ለሚገርመው የውጭ ወዳጅ ካለዎት ወደ ማንኛውም የሰፈር ምግብ ቤት ይውሰዱት፤ በጾም ከበያይነቱ ጋር አንድ ትሪ ላይ ያገኘዋል።

ጥያቄ፦ «ሒሳብ ሲመጣ የምንጨቃጨቅ ጓደኛሞች ነን። አንዱ ሁልጊዜ እኔ ልክፈል ይላል፤ ሌላው ዝም ይላል። ደግሞ ዝርዝሩ ላይ ካየነው ዋጋ በላይ ይመጣብናል። እንዴት ብናደርግ ይሻላል?» (አንድ አንባቢ፣ ከሲኤምሲ)

መልስ፦ ከዋጋው ልጀምር። ብዙ ምግብ ቤቶች በዝርዝራቸው ግርጌ በትንሽ ፊደል እንደሚጽፉት፣ የተጠቀሰው ዋጋ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን አይጨምርም፤ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ የሚጠይቁም አሉ። የ2,000 ብር ምግብ ብትበሉ የአገልግሎቱ 200 ብር ይታከልና 2,200 ይሆናል፤ በዚያ ላይ 330 ብር ታክስ ሲጨመር የምትከፍሉት 2,530 ብር ነው። ስለዚህ ስታዝዙ ከዝርዝሩ ዋጋ ላይ ሩብ ያህል ጨምራችሁ አስቡ። ትንንሽ ቤቶች ታክሱን ላያስከፍሉ ይችላሉ። ሥጋ ቤት ከሆነ ደግሞ የኪሎው ዋጋ መጥበሻውን ይጨምር አይጨምር እንደሆነ ሥጋው ሳይቆረጥ ጠይቁ፤ ሥጋ ቤቱና ወጥ ቤቱ የተለያዩ ባለቤቶች ሊኖሯቸው ይችላልና ሁለት ሒሳብ ሊመጣ ይችላል።

የክፍያውን ጭቅጭቅ በተመለከተ፣ ሁልጊዜ «በእኔ ነው» የሚለው ጓደኛችሁ ልበ ሰፊ ሰው እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ሁልጊዜ የሚጋበዝ ሰው ውሎ አድሮ መቅረት ይጀምራል። ልደት፣ ምርቃት ወይም አዲስ ሥራ ያለው ሰው ቢጋብዝ ተገቢ ነው። በሌላው ቀን ግን ከማዘዛችሁ በፊት «ዛሬ በመዋጮ ነው» ተብሎ ይነገር። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ይህ ቀላል ሆኗል፤ አንዱ ሙሉውን ይከፍላል፣ የቀሩት ድርሻቸውን ከወንበራቸው ሳይነሡ ይልኩለታል። «ነገ እልክልሃለሁ» የሚባለው ብር ግን ብዙ ጊዜ ወዳጅነት ያሻክራል።

ዝም የሚለውን ጓደኛችሁን በተመለከተ ደግሞ ቸኩላችሁ አትፍረዱበት፤ ሥራ ያጣ ወይም ቤተሰብ የሚረዳ ሊሆን ይችላል። ለብቻ አግኝታችሁ ጠይቁት፤ እንደዚያ ከሆነም የሚቀጥለውን ቀጠሮ የዘጠኝ ሰዓት ስፕሪስና ድንች አድርጉት እንጂ እርሱን ትታችሁ ትልቅ ቤት አትግቡ። በሒሳቡ ላይ የአገልግሎት ክፍያ ከተጻፈ ለአስተናጋጁ መጨመር ግዴታ የለባችሁም፤ ካልተጻፈ ግን ጥቂት ብር በእጁ ስጡት፤ በቴሌብር ለቤቱ የምትልኩት ለእርሱ ላይደርስ ይችላል።